መሬት ላራሹ ከተባለ፣ ደኑስ ለማን?

ከአል ራዋቢ

በ1965 በአገራችን ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈጸሙ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር አንግበው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መሰለፋቸው ነው። ሁለተኛው፣ መንግሥት ሦስት የደን አዋጆችን በነጋሪት ጋዜጣ ማውጣቱ ነው። ቁጥር 225 የመንግሥትን ደን፣ ቁጥር 226 የግልን ደን፣ ቁጥር 227 ደግሞ አፈርንና ውሃን ለመጠበቅ የሚከለለውን ደን የሚመለከቱ ነበሩ። የመጀመሪያውን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ሲተረክና ሲያከራክር ይኸው እስከ ዛሬ ደርሷል። ሁለተኛውን ግን ከደን ባለሙያዎችና ከጥቂት የሕግ ተማሪዎች በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ይህ ዝም ብሎ የተፈጠረ መርሳት አይደለም። የመሬት ጥያቄ በተነሣ ቁጥር በአእምሯችን የሚመጣው በሬ፣ ሞፈርና ቀንበር ነው። ደኑ ከጥያቄው ዳር ቆሞ ቀርቷል። መሬቱ ላራሹ ከሆነ፣ ማረሻ ያልነካው መሬት ለማን ነው? በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው አለ። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ደገመው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ጎደሎ ግን ነው። «የሕዝብ ነው» ብሎ ማወጅና ሕዝቡ በእጁ የሚይዘው፣ የሚያየውና የሚከራከርበት ሰነድ መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። የሕዝብ ነው የተባለ ደን ወሰኑ ተለክቶ፣ ዛፉ ተቆጥሮ፣ ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም ተጽፎ፣ በአካባቢው ነዋሪ ፊርማ በጸና የአስተዳደር ዕቅድ ካልተመራ የማንም አይደለም። እንዲህ ያለውን ዕቅድ ማውጣትም የአንድ ቢሮ በጎ ፈቃድ ሳይሆን የማይታለፍ የሕግ ግዴታ መሆን አለበት። ዕቅድ ከሌለ ቆረጣ የለም፤ ዕቅድ ከሌለ የመሬት ርክክብ የለም።

በረሃ ላይ ተቀምጦ ስለ ደን?

አንዳንድ ወዳጆቻችን «በደማምና በኾበር አሸዋ ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ደን ሕግ ማውራት ምን ይባላል?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። የዛፍን ዋጋ ለማወቅ ዛፍ የሌለበትን አገር ማየት ይጠቅማል። በአል ራዋቢም ሆነ በኾበር ትላልቅ መንገዶች ዳር የሚታየው እያንዳንዱ ዛፍ ውሃ የሚያገኘው በተዘረጋለት ቱቦ ነው። ቱቦው ቢዘጋ ዛፉ አንድ በጋ አይሻገርም። ስለዚህ የተተከለበት ቦታ ይታወቃል፣ ውሃውም ይመደብለታል፣ ኃላፊውም ይታወቃል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2019 የዕፀዋት ሽፋንን የሚያለማና በረሃማነትን የሚከላከል ብሔራዊ ማዕከል አቋቋመች። በ2020 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አወጣች። በ2021 ደግሞ ዐሥር ቢሊዮን ዛፍ እተክላለሁ ብላ ለዓለም አስታወቀች።

ይህን የምንጠቅሰው አገሩን ለማወደስ አይደለም፤ ከስሕተቱም የምንማረው አለና። ከደማም በስተ ሰሜን ባለው በታሩት የባሕር ወሽመጥ፣ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ባሕሩ በአፈር እየተሞላ ለግንባታ ሲውል አብዛኛው ጠፍቷል። ዛሬ የሚተከለው ያኔ የጠፋውን ለመተካት ነው። በየብስ ላይም የዐረብ ጎሣዎች ለብዙ ዘመናት «ሒማ» የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። አንድን የግጦሽ ወይም የዛፍ ቦታ በወሰን ይከልላሉ፤ መቼና ማን እንደሚገባበት ራሳቸው ይወስናሉ። በ1953 በወጣ ድንጋጌ የጎሣዎቹ ብቸኛ መብት ተሽሮ የግጦሹ መሬት ለሁሉ ክፍት ሆነ። ዓላማው ፍትሕ ይሆናል። ነገር ግን የድሮው ጠባቂ ሲነሣ አዲስ ጠባቂ አልተተካምና ብዙው ግጦሽ ተራቁቶ ቀረ።

ይህን ታሪክ አንባቢው ልብ ይበል። የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅምና።

ያልተጻፈው ዕቅድ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ «ጓሳ» የሚባል ከፍተኛ ቦታ አለ። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይሆናል። ቦታው የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያም ነው። ሕዝቡ ይህን ቦታ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቅ የኖረው «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ነበር። በአስቦና በጌራ በሚባሉ አቅኚ አባቶች ስም ቦታው ለሁለት ተከፍሎ፣ በየወገኑ የተመረጡ አለቆች ይጠብቁታል። ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይታወጃል፤ ሕዝቡም በአንድነት ገብቶ ያጭዳል። ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል።

እንግዲህ ወሰን፣ የተለዩ ተጠቃሚዎች፣ የመዝጊያና የመክፈቻ ጊዜ፣ ኃላፊና ቅጣት፣ አምስቱም ነበሩ። የጎደለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ባለሙያዎች ዛሬ «ማኔጅመንት ፕላን» የሚሉትን የመንዝ ገበሬ በቃል ይዞት ኖሯል። በካፋ ጫካ ቀፎ የሚሰቀልበትን የደን ክፍል ለየቤተሰቡ የሚያካፍለው «ኮቦ» የሚባለው ልማድም ከዚህ የሚቀራረብ ነው።

ሐቁን ለመናገር ግን እነዚህ ሥርዓቶች ከአድልዎ የነጹ አልነበሩም። በጓሳ መብት የነበረው የአቅኚዎቹ ዘር ነው የሚባለው እንጂ ሁሉም ነዋሪ አልነበረም። ስለዚህ በ1975 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ዕድሉን ተነፍጎ የኖረው ገበሬ መደሰቱ ተገቢ ነበር። አዋጁ የዘር መብቱን ሻረ፤ ከመብቱ ጋር ግን ጥበቃውም አብሮ ፈረሰ። የቄሮ አለቆች ሥልጣናቸውን አጡ፣ አዲሱ የገበሬ ማኅበርም የመዝጊያና የመክፈቻ ሥርዓት ይዞ አልመጣም። ጓሳው እንደገና ጠባቂ ያገኘው ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ተደራጅቶ መተዳደሪያ ደንብ ካወጣ በኋላ ነው። ከጊዜ በኋላም የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ ዕውቅና ሰጥቶታል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት የድሮው ይመለስ የሚል አይደለም። የድሮውን ባለመብት ያነሣ ሕግ፣ በዚያው ቀን በቦታው የሚተካውን የአሠራር ዕቅድ ካላቆመ፣ ደኑን ለመጀመሪያው መጥረቢያ አሳልፎ ይሰጠዋል የሚል ነው። ኔፓል ይህን በራሷ ላይ ያየች አገር ናት። በ1957 ደኖቿን ሁሉ የመንግሥት አደረገች፤ መንደሬው ትናንት የእኔ ያለውን ደን ዛሬ የሌላ ነው ሲባል መጠበቁን ተወ፤ ተራሮቹም ተራቆቱ። ከብዙ ጥፋት በኋላ በ1993 በወጣው የደን ሕግ መንደሬው በተጠቃሚ ቡድን ተደራጅቶ፣ መተዳደሪያ ደንብና የአሠራር ዕቅድ አዘጋጅቶ፣ በወረዳው የደን ሹም ሲጸድቅለት ደኑን እንዲረከብ ተደረገ። ዛሬ ከሃያ ሺህ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉ።

ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ደን

በእኛ አገር የሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። በ1975 ከ80 ሄክታር በላይ የሆነ ደን ሁሉ የመንግሥት እንዲሆን ተደረገ። አዋጁ መሬት ላይ እስኪደርስ ድረስ በብዙ ቦታ ባለ ርስቱ «ከመወረሱ በፊት» ብሎ ቆረጠ፤ ገበሬውም «ባለቤቱ ከሄደ» ብሎ ቆረጠ። በ1980 አዋጅ ቁጥር 192 ወጣና ደንን የመንግሥት፣ የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ብሎ መደበ። የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ባለ ሥልጣንም ተቋቋመ። በእነዚያ ዓመታት በወሎ፣ በትግራይ፣ በጎንደርና በሌሎችም ክፍለ አገሮች በምግብ ለሥራ ብዙ ኮረብታዎች ተከለሉ፣ ብዙ ሚሊዮን ችግኞችም ተተከሉ።

ከዚያ 1991 መጣ። መንግሥት ሲለወጥ ከእነዚህ ደኖች ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ተጨፈጨፉ። የቆረጣቸው የውጭ ጠላት አይደለም። ብዙውን የቆረጠው ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ችግኙን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ገበሬ ራሱ ነው። ለምን? ሲተክል በስንዴ ደሞዝ ተከለ እንጂ ዛፉ ሲደርስ ድርሻው ምን እንደሚሆን የሚናገር አንድ ገጽ ውል አልነበረውም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። ደኑ የመንግሥት ብቻ በሆነበት አገር መንግሥት በወደቀ ቀን አጥሩ ይነቀነቃል።

የደን ጉዳይ የተሰጣቸው መሥሪያ ቤቶችም አለመጽናታቸው ጉዳቱን አባብሶታል። ከ1991 ወዲህ ደን አንዴ ለተፈጥሮ ሀብት፣ አንዴ ለግብርና ሚኒስቴር ሲሰጥ ኖሮ፣ በ2013 የራሱ ሚኒስቴር አገኘ፣ በ2018 ሚኒስቴሩ ወደ ኮሚሽን ዝቅ አለ፣ በ2021 ኮሚሽኑ ፈርሶ የአካባቢ ጥበቃና የደን ልማት ለየብቻ ተቋቋሙ። ማኅተም በተለወጠ ቁጥር ባለሙያ ይበተናል፣ ፋይል ይጠፋል፣ የተጀመረ የደን ቆጠራ ከመሳቢያ ይቀራል። በነዋሪው እጅ ያለና በሕግ የጸና ዕቅድ ቢኖር ግን ቢሮው ቢለዋወጥም ዕቅዱ ይቆያል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጋችን ስለ ዕቅድ ዝም አላለም። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 94፣ በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 542፣ በ2018 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ሁሉም ደን በአስተዳደር ዕቅድ መመራት አለበት የሚለውን ሐሳብ ይዘዋል። የመጨረሻው አዋጅ ደግሞ ከቀደሙት አንድ ትልቅ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። የ2007ቱ አዋጅ የሚያውቀው የግልና የመንግሥት ደን ብቻ ነበር። የ2018ቱ የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ጨምሮ ባለይዞታዎችን አራት አደረገ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ ራሱን በሚመለከት የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ዕቅድ ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ በተግባር ዕቅድ የሌለው ደን ዕቅድ ካለው ደን የተለየ ነገር የማይደርስበት መሆኑ ነው። ዛሬም ከመንግሥት ደኖቻችን ብዙዎቹ የታደሰና በሥራ ላይ ያለ ዕቅድ የላቸውም። ሆኖም ይቆረጥባቸዋል፣ ይታረስባቸዋል፣ ለባለሀብት ይሰጣሉ። ግዴታውን ባለመወጣቱ ቆረጣ የታገደበት ጽሕፈት ቤት የት አለ? መቅረቱ ዋጋ የማያስከፍል ግዴታ ደግሞ ምክር እንጂ ግዴታ አይባልም።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2010 በጋምቤላ ክልል፣ በማጃንግ ዞን ጎደሬ ወረዳ፣ 3,012 ሄክታር ለሻይ እርሻ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ተሰጠ። ማጃንጎች ግን በዚያ ጫካ ማር እየቆረጡ፣ ቡና እየለቀሙ ኖረዋል። ተቃውሞው ከነዋሪው አልፎ በጊዜው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ እስከ መጻፍ የደረሱበት ነበር። ቢሆንም ዝውውሩ አልቀረም። በዚያ ደን ላይ ወሰኑን፣ ቀፎዎቹንና ባለ ቀፎዎቹን የሚዘረዝር የጸደቀ ዕቅድ በሕግ ተመዝግቦ ቢገኝ ኖሮ፣ ጉዳዩ የደብዳቤ ልመና ሳይሆን የፍርድ ቤት ክርክር በሆነ ነበር።

ዕቅድ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉን ብዙ ጊዜ ስለምንሰማው ትርጉሙ የደበዘዘ ይመስላል። የደን አስተዳደር ዕቅድ በቢሮ ግድግዳ የሚሰቀል መፈክር አይደለም። ቢያንስ የሚከተሉትን መያዝ አለበት።

በመጀመሪያ ካርታና የወሰን ምልክት ነው፤ ደኑ የት ተጀምሮ የት ያበቃል? ቀጥሎ ቆጠራ ነው፤ ስንት ጥድ፣ ስንት ዝግባ፣ ስንት ወይራ አለ፤ ውፍረቱ ምን ያህል ነው፤ በዓመት ምን ያህል ያድጋል? ከዚያ የቆረጣ ልክ ይወሰናል። ደን እንደ ታለበች ላም ነው፤ የሚወሰደው ወተቱ ነው፣ ላሟን ማረድ ግን ለአንድ ቀን ግብዣ ብቻ ይሆናል። ከዓመቱ ዕድገት በላይ የሚቆረጥ ከሆነ ደኑ እየታረደ ነው። ቀጥሎ የነዋሪው ድርሻ ይዘረዘራል፤ ደረቅ እንጨት፣ ማር፣ ቡና፣ ሣር፣ መድኃኒት፣ ከሽያጭ ገቢም ስንት እጅ። በመጨረሻም ጥበቃውን፣ ወጪውን፣ የሚከለስበትን ጊዜና የፈራሚዎቹን ስም ይይዛል።

ይህ ሕልም አይደለም። በምዕራብ ሸዋ ጪሊሞና በካፋ ቦንጋ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሳታፊ የደን አስተዳደር ተሞክሯል። በአዳባና ዶዶላ ደግሞ በ2000 «ዋጂብ» በሚል ምኅጻር የሚጠሩ የደን ነዋሪዎች ማኅበሮች ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመዋል። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም። ደኑ የሚሸከመው ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ተብሎ ስለ ተሰላ የአንድ ማኅበር ደን እስከ 360 ሄክታር ይደርሳል። አባላቱ ዓመታዊ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ከውጭ የሚመጣውን ቆራጭ ይከላከላሉ፣ ደኑ መሳሳቱና መጨመሩ በየጊዜው ይለካል። ትናንት ለጥበቃ ሠራተኛ «አላየሁም» ይል የነበረ ገበሬ ዛሬ ሌሊት ወጥቶ ዘብ የሚያድረው በውሉ ላይ ስሙ ስላለበት ነው።

የሚነሡ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ «አገሪቱ ደሃ ናት፤ ለእያንዳንዱ ደን ባለሙያና ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ዕቅድ ሁሉ የውጭ አገር አማካሪ የሚጽፈው ባለ ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ መሆን የለበትም። የዶዶላው ማኅበር ዕቅድ ገበሬዎች ቆመው ሊያስረዱት የሚችሉት ነው። ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ከተቋቋመበት ከ1978 ጀምሮ ሙያተኛ ሲያፈራ ኖሯል። ሙያተኛው ከደኑ ርቆ ቢሮ ውስጥ የሪፖርት ቅጽ እየሞላ መቀመጡ ነው ጉድለቱ።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ሕዝቡ ያልተማረ ነው፤ ድርሻ ከተሰጠው ይጨርሰዋል» የሚል ነው። የ1991ን ታሪክ የሚጠቅሱልን እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ያ ታሪክ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። የተጨፈጨፈው ሕዝቡ ድርሻ ያልነበረው ደን ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሜዳውና ተራራው ሁሉ ታርሶ ባለበት፣ ያገር ዛፍ ቆሞ የምናገኘው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ብዙ መቶዎች ናቸው። የጠበቃቸው ዘበኛ አልነበረም። ወሰናቸውን ሁሉም ስለሚያውቅና የደብሩ ሰው «የእኛ» ስለሚላቸው ነው የቆዩት።

ሦስተኛው መቃወሚያ «እየተከልን አይደለም ወይ?» የሚል ነው። በ2019 የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። መትከል ጥሩ ነው፤ ማንም አይቃወምም። ነገር ግን ችግኝ ቆጥሮ መተው ሕፃን አስጠምቆ እንደ መተው ነው። የማን ነው? ማን ያርመዋል? ሲደርስ ማን ይቆርጠዋል? የነባሩ ደን መጥፋት ካልቆመስ የተተከለው የትኛውን ይተካል?

ቁጥርም ያታልላል። «በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ 40 በመቶው የአገራችን መሬት ደን ነበር» የሚባለው በየመጽሐፉ ሲገለበጥ የኖረ ቁጥር አስተማማኝ ልኬት የለውም። በ2015 ደግሞ የደን ትርጓሜ ተለወጠ። ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ የቅርንጫፉ ጥላ ከ20 በመቶ ያላነሰ ሁሉ ደን ተባለ። በዚህ አዲስ መለኪያ ቆላማው የቀርከሃና የቁጥቋጦ መሬት ጭምር ስለ ገባ የአገሪቱ የደን ሽፋን 15 በመቶ ያህል ሆነ። መለኪያው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሆኖም ትርጓሜ በመለወጥ አንድም ዛፍ አልበቀለም። ለእያንዳንዱ ደን በየቦታው የተደረገ ቆጠራ ያለው ዕቅድ ቢኖር ኖሮ በጠቅላላ መቶኛ ባልተሸነጋገልን ነበር።

አራተኛውና ከባዱ መቃወሚያ የማገዶ ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ዛሬም እንጀራውን የሚጋግረው፣ ወጡን የሚሠራው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ጀርባዋ እስኪጎብጥ ከእንጦጦ እንጨት የምትሸከመውን እናት በቅጣት ማስፈራራት ሕግ አይባልም። ማገዶን የማይቆጥር ዕቅድ ውሸት ነው። ሐቀኛ ዕቅድ ለማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ የት እንደሚተከል፣ ከነባሩ ደን ደረቅ እንጨት በየትኛው ቀን እንደሚለቀም ይናገራል።

ሀብታሙም አገር ያለ ክስ አላደረገውም

በአሜሪካ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ታሪክ በቅርብ ልታገኙት ትችላላችሁ። በዌስት ቨርጂንያ በሞኖንጋሂላ ብሔራዊ ደን የመንግሥቱ የደን መሥሪያ ቤት ሰፋፊ ቦታዎችን ሙልጭ አድርጎ ሲያስቆርጥ አዳኞችና የተፈጥሮ ወዳጆች ከሰሱት። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1975 ፈረደላቸው፤ በ1897 የወጣ ሕግ የደረሰና ምልክት የተደረገበት ዛፍ ብቻ እንዲቆረጥ ነው የሚፈቅደው አለ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ምክር ቤት በ1976 የብሔራዊ ደን አስተዳደር ሕግን አወጣ። ሕጉ እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን ዕቅድ እንዲኖረው፣ ሕዝብ እንዲሳተፍበትና ዕቅዱ ቢያንስ በየ15 ዓመቱ እንዲከለስ ያዛል። በመሆኑም ዕቅዱን የጣሰ ቆረጣ በዜጎች ክስ ሊታገድ ይችላል።

በሕጉ አፈጻጸም ላይ እዚያም ብዙ ክርክር አለ። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ያ ግዴታ የመጣው መሥሪያ ቤቱ ቸር ስለ ሆነ አይደለም፣ ዜጎች በሕግ ስለ ያዙት ነው።

ምን ይደረግ?

ስለዚህ የሚከተሉት አራት ነጥቦች በፌዴራሉም በክልሎችም የደን ሕግ ውስጥ በማያሻማ ቋንቋ እንዲገቡ፣ የገቡትም በሥራ እንዲውሉ መታገል አለብን።

1. የጸደቀ የአስተዳደር ዕቅድ በሌለው የመንግሥት ደን ውስጥ ቆረጣም ሆነ የመሬት ዝውውር ሕገ ወጥ ይሁን። የፈቀደው ሹምም በግሉ ይጠየቅ።

2. ዕቅዱ በአካባቢው ነዋሪዎች ጉባኤ ተመክሮበት በተወካዮቻቸው ይፈረም። ሴቶች ከተወካዮቹ መካከል ይኑሩ፤ እንጨት የምትለቅመውና ውሃ የምትቀዳው ደኑን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለችና።

3. ዕቅዱ በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በቀበሌው ይቀመጥ፣ ማንም ጠይቆ ያንብበው። መሥሪያ ቤት ቢፈርስ ወይም ስሙ ቢለወጥ ተተኪው በዕቅዱ ይገደድ።

4. ዕቅዱ ሲጣስ ማንኛውም ሰው የመክሰስ መብት ይኑረው። በ2002 የወጣው የአካባቢ ብክለት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 300 የግል ጥቅምን ማስረዳት ሳያስፈልግ አቤት ማለትን ለብክለት ፈቅዷል። ለወንዝ የተፈቀደ ለደን የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

በውጭ የምንገኝ ተማሪዎችስ ምን እናድርግ? የሕግ ተማሪ የሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን በእነዚህ አዋጆች ላይ ይሥራ። የካርታና የኮምፒዩተር ተማሪ የሆነ ከሳተላይት ፎቶግራፍ የአንድን ወረዳ ደን ወሰን ማውጣት ይችላል፤ ፎቶግራፉ ዛሬ በነጻ ይገኛል። የኤኮኖሚ ተማሪ የሆነ የአንድ ቀፎ ማርና የአንድ ሄክታር የጫካ ቡና ገቢ በግንድ ሽያጭ ከሚገኘው ጋር ያነጻጽር። የሠራነውን ደግሞ በእንግሊዝኛ መጽሔት ብቻ ሳንቀብረው ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ካፊኛ መልሰን ለወረዳው እንላክ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ አንድ ተማሪ አንድ ደን ቢይዝ በጥቂት ዓመታት ብዙ ሥራ ይሠራል። በዚህ የማይስማማ ቢኖር መቃወሚያውን በዚህችው ልሳናችን ይጻፍልን፤ ክርክሩ ይጠቅመናልና።

ከስድሳ ዓመት በፊት የተሰለፉት ተማሪዎች ስለ እርሻው መሬት የጠየቁትን ጥያቄ የዛሬው ተማሪ ስለ ደኑ ሊጠይቅ ይገባል። የሕዝብ ነው የተባለው ደን ሕዝቡ የፈረመበት ወረቀቱ የት አለ?

ያለ ዕቅድ ቆረጣ ይቁም! ያለ ሕዝብ ፊርማ ዕቅድ አይጽደቅ!